አሥራ ሁለት ኩንታል በይው

ሰው በገዛ አፉ ራሱን ሲጎዳ፣ ከፊቱ ቁጭ ብላ የተናገረውን የምትጽፍ ሴት ጎጂ ናት ወይስ ጸሐፊ ብቻ? ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ይዤው ዞርሁ። ጠዋት «ጸሐፊ ብቻ ነበርሽ፣ ተይው» እላለሁ፤ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተማሪ የቀደደውን መጽሐፍ ስለጥፍ እጄ ይቆምና «አልነበርሽም» እላለሁ። ዛሬም አልመለስሁትም። የሆነውን እንደሆነው ልንገራችሁና እናንተ ፍረዱ።

ያኔ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። ፍኖተ ሰላም፣ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበርሁ። ፊደል የቆጠርሁት በአሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፤ በልጅነቴ ተድሬ፣ ትዳሩ አልሆን ብሎኝ ወደ እናቴ ቤት ከተመለስሁ በኋላ። አንደኛ ክፍል የገባሁ ዕለት መምህሩ ከወንበሩ ተነሥቶ «ልጅዎ የትኛው ነው?» አለኝ። «ልጁ እኔ ነኝ» አልሁት። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስሁ። እንዲህ ዘግይቶ የተማረ ሰው ጽሑፍን አይንቅም። መጽሐፍ ስይዝ ከመቅድሙ ጀምሬ እስከ ማተሚያ ቤቱ አድራሻ ሳላነብ አልተውም። የተዛነፈ ቁጥር ካየሁ ምግብ አይበላልኝም። የሥራ ባልደረቦቼ «አንጓች ወንፊቷ» ይሉኝ ነበር፤ አልከፋኝም።

ዘመኑ «ልማት» የሚለው ቃል ከሬዲዮው እስከ ለቅሶ ቤቱ የሚነገርበት ነበር። ቡሬ ትልቅ ከተማ ልትሆን ነው ተባለ። ከፍኖተ ሰላም ጀምሮ፣ ማንኩሳን መሐል አድርጎ እስከ ቡሬ ያለው አገር እንደ አንድ ሰፊ ከተማ ተያይዞ እንዲያድግ፣ ፋብሪካ እንዲተከልበት፣ ከሌላው የአገሪቱ ክፍል እኩል እንዲወዳደር ጥናት ሊጠና ሆነ። ጥናቱን የያዘው አንድ አማካሪ ድርጅት መጠይቅ የሚያስሞሉ ሰዎች ሲፈልግ፣ ወሩ የካቲት፣ ትምህርት ቤቱም ለመንፈቀ ዓመቱ እረፍት ተዘግቶ ነበርና ተመዝግቤ ተቀጠርሁ።

ቡሬ ላይ አንድ ቀን ሥልጠና ተሰጠን። ተቆጣጣሪያችን ዳዊት የሚባል የባሕር ዳር ልጅ ነው፤ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ፣ ሲናገር እጁን የሚያወናጭፍ፣ ልቡ ደግ። «የተባላችሁትን ጻፉ። አትጨምሩ፣ አትቀንሱ፣ አታስረዱ» አለን። «ገበሬው 'ይሄ ሁሉ ጥያቄ ለምንድነው?' ካላችሁ 'ለልማት ነው' በሉት፣ አለቀ።»

ከቦርሳው አፍ አንድ ወፍራም መመሪያ ብቅ ብሎ አየሁ። አውሰኝ አልሁት።

«እትዬ አንጓች፣ ይሄ እኮ ልብ ወለድ አይደለም!»

«ግድ የለህም፤ ነገ ጠዋት እመልስልሃለሁ።»

ገጾቹ ከታተሙ ወዲህ አልተገለጡም መሰለኝ፣ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ያደርሁበት ሆቴል ግቢ ውስጥ ወንበር አውጥቼ ጀምበር እስክትጠልቅ አነበብሁት። ተወዳዳሪነትና ዘላቂነት የሚሉት ሁለት ቃላት በየገጹ እንደ ተጠመዱ በሬዎች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ወደ መጨረሻው ገደማ፣ ማንም የማይደርስበት ገጽ ላይ፣ ቦታው እንዴት እንደሚመረጥ ተጽፏል። ለፋብሪካው የታሰቡት መንደሮች ሁለት ናቸው፤ አንዲት ወንዝ ትለያቸዋለች፤ አንዱ ከወንዙ በላይ ነው፣ አንዱ ከወንዙ በታች። የሁለቱ ምርት በመጠይቁ ይነጻጸርና አነስተኛ ምርት የሚሰጠው መሬት ለፋብሪካው ይሆናል፤ ለሙ መሬት ለእርሻ ይጠበቃል። ያን ሳነብ ደስ አለኝ። ጥሩ መሬት ሳይነካ ከተማ ቢያድግ ምን ክፋት አለው? አስበውበታል አልሁ። መመሪያውን ዘግቼ ገባሁ።

በማግስቱ ከወንዙ በላይ ወዳለው መንደር ተሰማራን። ለመንገድ የቀረበ ስለሆነ እንግዳ የለመደ መንደር ነው። የመጀመሪያው ሰውዬ ሞዴል አርሶ አደር ናቸው፤ የምስክር ወረቀታቸው በመስታወት ተደርጎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

«ከአንድ ቃዳ ስንት ኩንታል በቆሎ አገኙ?» አልኋቸው። ቃዳ የሄክታር ሩብ ነው።

«ሃያ አምስት!» አሉ፣ ጥያቄዬን ሳልጨርስ። ሚስታቸው መሬት መሬት አየች።

ከደጃፋቸው ያለው ማሳ ጭንጫ ነው፤ የቀረው የበቆሎ አገዳ ከጣቴ አይወፍርም። ሁለተኛው ጎረቤትም ሃያ አምስት አሉ፤ ሦስተኛውም። ሸላሚው መጥቶ ያየው፣ ለሌላው ምሳሌ ናችሁ የተባለ መንደር ከዚያ ዝቅ ብሎ መናገር አይችልም። ገባኝ። ግን የተባልሁትን ጻፍሁ።

ከወንዙ በታች ወዳለው መንደር የወረድነው በሦስተኛው ቀን ነው። መሬቱን ሳይ ነፍሴ ደስ አላት፤ ጥቁር፣ ጥልቅ፣ ሲረግጡት ጫማ የሚይዝ አፈር። ቀይ በርበሬ በየደጁ ሌማት ላይ ተሰጥቷል፤ ሽታው ያስነጥሳል። የደረሰኝ ቤት የአያ ደሴ ነበር። ስድሳን ያለፉ፣ ቀጭን ሰው፤ በልጅነታቸው ቤተ ክህነት የተማሩ፣ ከአፋቸው የሚወጣውን ቃል መርጠው የሚያወጡ። ባለቤታቸው እቴ ጥሩዬ በርበሬ እየቀነጠሱ ነበር። አጎንብሼ ሰላምታ ሰጠሁ፣ በርጩማ ቀረበልኝ፣ ጠላ ተቀዳልኝ።

«እንግዲህ ምን ልትጠይቂን መጣሽ፣ ልጄ?» አሉ አያ ደሴ።

«አካባቢው አድጎ ተወዳዳሪ እንዲሆን ጥናት እየተጠና ነው፣ አያ።»

«ከማን ጋር ነው የምንወዳደረው?»

«ከሌሎች አካባቢዎች ጋር።»

«ዳኛውስ ማነው?»

እቴ ጥሩዬ ሳቁ። ይህ ቅጹ ላይ አልተጻፈም። «ለልማት ነው» አልሁ፣ ዳዊት እንዳስተማረን። አያ ደሴ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይህን መልስ ብዙ ጊዜ የሰሙት ይመስላል።

የቤተ ሰቡን ብዛት ጻፍሁ፣ የከብቱን ጻፍሁ፤ ከብቱም ሲነገረኝ እያነሰ መሆኑ አልጠፋኝም። ከዚያ በቆሎው ላይ ደረስን። አራት ቃዳ፣ ማለት አንድ ሙሉ ሄክታር ዘርተዋል።

«በጠቅላላው ስንት ኩንታል ወጣዎት?»

«ምን ይወጣል ብለሽ! መሬቱ አርጅቷል። እንደ እኔው ነው።»

«በቁጥር ይንገሩኝ፣ አያ።»

ሰማይ አዩ። «አሥራ ሁለት ኩንታል በይው።»

ከትከሻቸው በላይ ሁለት ጎተራ ይታየኛል፤ አፋቸው ድረስ ሞልተው በጭቃ ተመርገዋል። ከጎናቸው ሦስተኛ ጎተራ በቀርከሃ ተጀምሯል። ዓይኔን አይተው ዞር አሉና ጎተራዎቹን እንደ እንግዳ ነገር ተመለከቱ።

«ያ የጎረቤት ነው» አሉ።

«የጎረቤቱ ጎተራ እኛ ጓሮ ምን ይሠራል?» አሉ እቴ ጥሩዬ ከበርበሬያቸው ቀና ሳይሉ።

«አንቺ ደግሞ! ማን ጠየቀሽ?»

ሦስታችንም ሳቅን። ሳቁ ሲበርድ አያ ደሴ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚኝ ልጄ፤ በመሬት ሽግሽጉ ጊዜ እንዳንቺ ያለ ደብተር የያዘ መጣ። ወንድሜ የዋህ ነው፣ ያለውን መሬት እስከ ድንበሩ ቆጥሮ ተናገረ። ግማሹን ቆርጠው ለሌላ ሰጡበት። ከዚያ ወዲያም 'ጥሩ ምርት አለህ' ያሉትን ሰው 'ማዳበሪያ ጨምረህ ውሰድ' ይሉታል። እህልስ ቢሆን ጎተራ ከገባ በኋላ ልኩ ይጠራል? በረከቱ ይሸሻል።»

ይህን የመጨረሻውን አውቀዋለሁ። እናቴም እንዲሁ ናት፤ «ይበቃናል» ትላለች እንጂ ቁጥር ከአፏ አይወጣም። እሷ ቤት እህል ስንት እንዳለ ያወቅሁበት አንድም ዓመት የለም።

ብዕሬን እንደያዝሁ ቀረሁ። በዚያች ቅጽበት ነው ነገሩ ሁሉ አንድ ላይ የመጣብኝ። ላይኛው መንደር መንግሥት ያየዋልና ያበዛል፤ ታችኛው መንደር መንግሥት እንዳያየው ያሳንሳል። ሁለቱ ቁጥሮች ሲነጻጸሩ ጭንጫው መሬት ለም፣ ይህ ጥቁር አፈር ደግሞ ጠፍ ሆኖ ይወጣል። ፋብሪካው የሚመጣው እዚህ ነው። አያ ደሴ መሬታቸውን የደበቁ መስሏቸው በገዛ እጃቸው እያስረከቡ ነው፤ ከእኔም በቀር በዚያ መንደር ይህን የሚያውቅ የለም፤ ያን ገጽ ያነበበ የለምና።

«አሥራ ሁለት» ብዬ ጻፍሁ።

ስለ ውኃ የሚጠይቀውን መስመር ግን ሆን ብዬ ዘለልሁት። ባዶ መስመር የተወ ሰው ተመልሶ እንዲያስሞላ ይገደዳል። በሕይወቴ አውቄ ክፍት የተውሁት የመጀመሪያው መስመር እሱ ነው።

ማምሻውን ዳዊትን ሆቴሉ በረንዳ ላይ ቅጾች ሲደረድር አገኘሁት። የሁለቱን መንደር ነገር፣ ጎተራውን፣ የመመሪያውን ገጽ፣ ሁሉንም ነገርሁት። ከወረቀቱ ቀና አለ።

«መመሪያውን እውነትም አነበብሽው?»

«እስከ መጨረሻው።»

ፊቱን አሻሸ። «ገበሬ ሁሌም ያሳንሳል፤ በሁለቱም በኩል ካሳነሰ ይካካሳል።»

«በሁለቱም በኩል አይደለም ያልሁህ። አንዱ ያበዛል።»

«እሺ፣ ልክ ነሽ እንበል። ምን ይደረግ?»

«እንንገራቸው። መጠይቁ ለግብር እንዳልሆነ፣ ለምን እንደሆነ እንንገራቸው።»

«ከዚያስ? ነገ ጠዋት መንደሩ በሙሉ ተነጋግሮ ስድሳ ኩንታል፣ ሰማንያ ኩንታል ሲል ምን ልትጽፊ ነው? ያኔ ደግሞ ውሸቱን ያስተማርነው እኛ እንሆናለን። አየሽ እትዬ አንጓች፣ እኔም አንቺም ቁጥር አንፈጥርም። ሰው ያለውን እንወስዳለን።»

«ሄዶ የሚለካ ሰው የለም?»

«ለመለካት ጊዜ አልተሰጠንም። ጥናቱን በዚህ ወር ጨርሱ ተብሏል» አለ፤ ቀጥሎ ግን ቅጾቹን ሰብስቦ «ለአለቆቼ እነግራቸዋለሁ» አለኝ። መንገሩን አላውቅም። ነግሮ ይሆናል። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ያለው ነገርም ሐሰት አልነበረም። የከበደኝ እሱ ነው። ስህተቱን ቢክደኝ ኖሮ እጣላው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት «የጎደለ መስመር አለኝ» ብዬ ብቻዬን ወደ አያ ደሴ ቤት ወረድሁ። ዳዊት መኪናውን መንገዱ ዳር አቁሞ ሊጠብቀኝ ተስማማ። በመንገዴ ሁሉ የምናገረውን እያጠናሁ ሄድሁ። «አያ፣ ይህ ጥያቄ መሬትዎን ይወስደዋል» ልበል? ወይስ «ቁጥሩን እውነተኛውን ይንገሩኝ» ብቻ?

አያ ደሴ ሦስተኛውን ጎተራ ሲማግሩ አገኘኋቸው። ሲያዩኝ ቀርከሃውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ምነው ልጄ፣ ደኅና ነሽ?»

«ስለ ውኃው ሳልጠይቅዎ ሄጄ ነው።»

ስለ ምንጩ ነገሩኝ፤ ጻፍሁ። አልተነሣሁም።

«አያ፣ ይህ ቅጽ ለግብር አይደለም።»

«ሁሉም ሲመጣ እንዲህ ይላል።»

«ለማዳበሪያም አይደለም። እውነቴን ነው የምልዎ። የበቆሎውን እንደገና ልጠይቅዎ?»

አሁን ትኩር ብለው አዩኝ። የተማሩ ሰው ናቸው፤ ከቃሌ ጀርባ ሌላ ነገር እንዳለ ገብቷቸዋል። እቴ ጥሩዬም ከበሩ ብቅ ብለው ቆሙ። አያ ደሴ መዳፋቸውን ከአፈሩ አራገፉና በጣም ቀስ ብለው ጠየቁኝ፦

«አንቺ እኔን ብትሆኚ ስንት ትይ ነበር?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ለሰው በዕድሜው ስንት ጊዜ ይቀርብለታል? በሩን ወለል አድርገው ከፈቱልኝ። «እውነቱን እል ነበር» ማለት ብቻ ይበቃኝ ነበር። ላዝዛቸው አልነበረም፣ ላስረዳቸውም አልነበረም፤ ሦስት ቃል ብቻ ነው።

ከላይ ከመንገዱ የመኪናው ጥሩምባ ጮኸ። በአእምሮዬ ዳዊት መጣ፣ «አታስረዱ» መጣ፣ መንደሩ ሁሉ ሰማንያ ሲል መጣ። ከዚያ ሁሉ ግን የባሰው፣ ዛሬ እንዳልዋሽ፣ ያ አንደኛ ክፍል የሳቀብኝ ሳቅ ነው። ብዕር በስንት መከራ የያዝሁ ሴት ነኝ፤ ሕግ አፈረሰች ተብዬ ያን ብዕር የሚያስጥለኝ ነገር ፈራሁ። ትክክለኛ ሠራተኛ መባልን ወደድሁ።

«እኔ ጠያቂ ብቻ ነኝ፣ አያ» አልኋቸው።

ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ተዘጋ። «እንግዲያው አሥራ ሁለት ነው» አሉና ቀርከሃቸውን አነሡ። እቴ ጥሩዬ ያን ቀን እስከ አጥሩ አልሸኙኝም።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ችካል የተመታው ከወንዙ በታች ነው። ይህን ስል ተጠንቅቄ ነው፤ ቦታውን የመረጠው የእኔ ወረቀት ብቻ ነው ማለት አልችልም። ሌሎች ጸሐፊዎችም ነበሩ፤ እኔ ያላየሁት ሌላ ምክንያትም ይኖራል። አንዳንድ ቀን በዚህ እጽናናለሁ። ግን ጥቁሩ አፈር ተጠርጎ በቀይ አሸዋ ሲደለደል ከሚኒባስ መስኮት አይቻለሁ፤ ከወንዙ በላይ ያለው ጭንጫ ደግሞ ዛሬም ይታረሳል።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ፋብሪካ ጠላሁ ብላችሁ እንዳታስቡ። የአጎቴ ልጅ ከዚያ በምታገኘው ደመወዝ ሁለት ወንድሞቿን አስተምራለች፤ ቡሬም አድጋለች፣ ዕድገቷ ያኮራኛል። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። አንድ አገር ከሌላው ጋር የሚወዳደረው ያለውን አውቆ ነው። እኛ ግን ያለንን አላወቅንም፤ ግማሻችን ሽልማት ፈልገን፣ ግማሻችን ቅጣት ፈርተን ሌላ ቁጥር አቀበልን፤ መሐል ላይ ደግሞ እንደ እኔ ያሉ ንጹሕ የእጅ ጽሑፍ ያላቸው ሰዎች ቁጭ ብለን አሳምረን ገለበጥነው። ዘላቂ ልማት የሚባለው ነገር ከየት እንደሚጀምር ብትጠይቁኝ፣ ገበሬ የጎተራውን ልክ ሳይፈራ መናገር ከሚችልበት ቀን ነው እላለሁ። ያን ቀን የሚያመጣው ማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ከእኔ በኩል አንድ ነገር ተለውጧል፤ ለምን እንደምጠይቅ የማልነግረውን ሰው ምንም አልጠይቅም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ለመጠይቅ ሥራ ተጠርቼ ነበር፤ «ምክንያቱን ለሰዎቹ ልንገር?» አልሁ፤ አይሆንም አሉኝ፤ ቀረሁ።

ይህን ታሪክ ለማንም ሳልናገር ስድስት ዓመት ኖርሁ። ለእናቴም፣ ለንስሐ አባቴም አልተናገርሁም፤ በየትኛው ኃጢአት ስም እንደምናዘዘው ጠፋኝ። ከዚያ አንድ የገበያ ቀን ማንኩሳ ወርጄ በርበሬ ተራ ስደርስ፣ ከአንዲት ነጋዴ ፊት አጎንብሰው ዛላውን በጣታቸው እየፈተጉ የሚያሸቱ ሽማግሌ አየሁ። አያ ደሴ ናቸው። ሊሸጡ አልነበረም የመጡት። አንድ ኪሎ ሊገዙ ነው።

ሊያውቁኝ አልቻሉም። «ጠያቂዋ ነኝ» ስላቸው ጊዜ ወሰደባቸው፤ ከዚያ «አሃ» አሉና ጉንጬን ሳሙኝ። ቤታቸው አሁን ቡሬ ዳር እንደሆነ፣ እቴ ጥሩዬ ወገባቸውን እንደሚያማቸው ነገሩኝ። ከገበያው ወጥተን አንድ የግራር ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ዝም ብዬ ብሰናበታቸው ይቻል ነበር። ግን እዚያው ነገርኋቸው፦ ስለ መመሪያው፣ ስለ ላይኛው መንደር፣ ባዶ ስለተውሁት መስመር፣ ያን ጠዋት ሲጠይቁኝ የማውቀውን ስለመደበቄ። በርበሬያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ አንድ ጊዜም ሳያቋርጡኝ ሰሙ።

ስጨርስ ዓይናቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። ሰዎች አህያ እየነዱ በፊታችን አለፉ።

«ብትነግሪኝም አላምንሽም ነበር» አሉ በመጨረሻ። «'ይቺ ልጅ ጎተራዬን ልታስከፍተኝ ነው' እል ነበር። ከአሥራ ሁለቱም ላይ ሁለት እቀንስ ነበር።»

ትንፋሼን ለቀቅሁ። ስድስት ዓመት የያዝሁት ነገር ከትከሻዬ ሊወርድ ሲል፣ አያ ደሴ በዱላቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉና፣ ሳይቆጡ፣ እንደዚያ ጠዋት ቀስ ብለው፦

«ቢሆንም ልጄ፣ ማመን አለማመኑን ለእኔ ብትተዪልኝ ጥሩ ነበር» አሉኝ።